የናቅሁት ዱላ

ዱላ መያዝ የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ኅዳር ከተማሪዎቼ ጋር ወደ ወጨጫ ተራራ ስንወጣ፣ አንደኛው «ጋሼ፣ ዱላ ቢይዙ» ቢለኝ ሳቅሁበት። የመናገሻ ሱባን የጥድ ጥላ ተከትለን ከ3,300 ሜትር በላይ ስንደርስም ደረቴን ነፋሁ። ጉዱ የመጣው በቍልቁለቱ ነው። ጠጠሩ ያንሸራትታል፤ በየእርምጃው የሰውነቴ ክብደት ሁሉ ጉልበቴ ላይ ይወርዳል፤ ከአጋማሽ በኋላ ቀኙ አልታጠፍ አለኝ። ልጁ ምንም ሳይናገር ዱላውን ሰጠኝ። ከእግሬ አስቀድሜ ዝቅ ካለው ድንጋይ ላይ ስተክለው ከሸክሙ ጥቂቱን ክንዴ ተቀበለ። (ለቍልቁለት ከክርን ከፍ የሚል፣ ለዳገት አጠር ያለ ዱላ ይሻላል።) በደኅና ወረድሁ። ከኋላዬ ግን ልጁ ሁለት ጊዜ ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ለማየት አፈርሁ።