ትርፍ የሚልክ እንግዳ

ላሊበላ ላይ ትንሽ ማረፊያ ያለው ሰው ገና ሲቃረብ ኢሜይሉ ይበዛል። አንዱን ዓይነት ከሩቅ ነው የምለየው፦ "12 ሰዎች ነን፣ ሁለት ሳምንት እንቆያለን፣ ሁሉንም በካርድ ቀድሜ እከፍላለሁ።" ሙቅ ውሃ አለ ወይ አይል፣ ዋጋ ቀንስ አይል። ኧረ ዋጋ የማይከራከር ፈረንጅ ያየ አለ?

ጉዱ ቀጥሎ ነው። ከሂሳቡ በላይ ይከፍልና "ትርፉን ለሹፌራችን በዌስተርን ዩኒየን ላክልኝ፣ እሱ ካርድ አይቀበልም" ይላል። ካርዱ ግን የተሰረቀ ነው። እውነተኛው ባለቤት ነቅቶ ለባንኩ ሲያመለክት፣ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ገንዘቡ ከባለ ማረፊያው ሒሳብ ተመላሽ ይደረጋል። በሐዋላ የሄደው አንዴ ከተወሰደ ወዲያ ማን ያገኘዋል? እኔን ደግሞ ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ለበዓሉ ተይዘው ባዶ የሚያድሩት ክፍሎች ናቸው፤ ስንቱ ተሳላሚ ማደሪያ አጥቶ እያለ!

የእኔ መልስ አጭር ናት፦ ተርፏል ከተባለ ሙሉውን ወደ መጣበት ካርድ እመልሳለሁ፣ ለሦስተኛ ሰው ሰባራ ሳንቲም አልልክም። የምር እንግዳ "እሺ" ብሎ ልኩን ይከፍላል። ሌላው ሹፌሩ ታመመ፣ ቡድኑ መንገድ ላይ ቀረ እያለ ያጣድፋል። የመጨረሻው ጭራሽ ሰድቦኝ ጠፋ። ክፍሎቹን ከጎንደር ለመጡ ምዕመናን አከራየሁ፤ እነሱማ ዋጋውን ተከራክረው ተከራክረው ነው የገቡት።