በጓሯችን የተቀበረው ኩባያ

ባለፈው ክረምት አጎቴ ከውጭ አገር ሲመጣ አንድ የሚያብረቀርቅ ኩባያ አመጣልኝ፡፡ ሲያዩት መስታወት ይመስላል እንጂ ከበቆሎ የተሠራ ነው፤ በጎኑም «በስባሽ» የሚል ቃል ተጽፎበታል፡፡ እኔም ዐዋቂነቴን ለማሳየት፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ዘንቢል አንጠልጥሎ ገበያ መሄድ ቀረ፤ ዕቃው ሁሉ እንዲህ ካለው ይሠራል፤ ሲጣልም አፈር ይሆናል» አልኋት፡፡ እርስዋም፣ «እስቲ ቅበረውና እንየው» አለችኝ፡፡

በመስከረም ወር ኩባያውን ከጓሮ ቀበርሁት፤ እናቴም አንድ የኮባ ቅጠል ከአጠገቡ ቀበረች፡፡ በግንቦት ስንቆፍር ኮባው ፈጽሞ አፈር ሆኖአል፤ ኩባያው ግን ታጥቦ ውሃ ቢሞላበት አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም፡፡ እናቴ ስቃ፣ «በል እንግዲህ ጠላ ቅዳበት» ስትለኝ እጅግ አፈርሁ፡፡

ወደ ኬሚስትሪ መምህራችን ሄጄ፣ «ጽሑፉ ውሸት ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው፡፡ እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፡፡ የኩባያው ስም ፖሊላክቲክ አሲድ ይባላል፡፡ የበቆሎ ስኳር በባክቴሪያ ሲብላላ በእርጎ ውስጥ ያለውን ላክቲክ አሲድ ይሰጣል፤ ይህም እንደ ዶቃ እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፡፡ ሰንሰለቱን መጀመሪያ የሚበጥሰው ውሃ ነው፤ ውሃውም የሚፈጥነው ሙቀት ሲያግዘው ነው፡፡ ስለዚህ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ የብስባሽ ክምር ውስጥ በጥቂት ወራት ይፈርሳል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ አፈር ግን ለዓመታት ይቆያል፡፡

የዚሁ ዘመድ የሆነ ክር ግን ሐኪሞች ቁስል ይሰፉበታል፤ በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ስለሚያልቅ ማውጣት አያስፈልግም፡፡ ደግሞም ሞሪስ ሌሟኝ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. በባክቴሪያ ውስጥ ሌላ ዓይነት አገኘ፤ ባክቴሪያው ለስንቁ የሚያከማቸው በመሆኑ፣ በተራ አፈር ያሉ ተሕዋስያንም ሊመገቡት ይችላሉ፡፡

ጓደኞቼ ሆይ፤ አዲሱ ጥበብ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፡፡ ነገር ግን «ይበሰብሳል» የሚል ቃል ስናነብ «የት? በምን ሙቀት? በስንት ጊዜ?» ብለን እንጠይቅ፡፡ የሚበሰብስበት ሥፍራ ካልተዘጋጀለት፣ ሜዳ ላይ ሲጣል ከሌላው ቆሻሻ በምን ይለያል?

ያ ኩባያ ዛሬ በጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ ይይዝልኛል፡፡ ቅዳሜ ቅዳሜም የእናቴን ዘንቢል ተሸክሜ ገበያ የምሄደው እኔው ነኝ፡፡