መሰንቆዬን ላቃጥለው?

ሌዲስሚዝ ብላክ ማምባዞ የሚባለውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከበሮ የለ፣ ጊታር የለ፤ የወንዶች ድምፅ ብቻ ነው። መሪው ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ወፍራሙ ድምፅ ከሥር ሆኖ ሁሉን ይሸከማል።

አዘማመሩ ኢሲካታሚያ ይባላል። ያደገው ከዙሉ መንደሮች ወጥተው፣ ከሚስትና ከልጆቻቸው ርቀው፣ በማዕድን ማውጫና በፋብሪካ ይሠሩ በነበሩ ወንዶች ማደሪያ ውስጥ ነው። የአባቶቻቸውን ቅብብል ይዘው መጡ፤ ከሚሲዮናውያን የተማሩትን ኅብረ ዜማ ጨመሩበት፤ በከተማ ከሰሙትም ወሰዱ። እርምጃቸው እንኳ በእግር ጣት እንደሚሄድ ሰው ለስላሳ ነው።

ቡድኑን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመሠረተው ጆሴፍ ሻባላላ በ1970ዎቹ በክርስቶስ አመነ፤ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ሆነ። ጌታን ሲከተል ያንን ቅላጼ አልጣለውም። የወንጌል ዝማሬዎቹንም በዚያው በዙሉ ቅላጼ ዘመራቸው። በ1986 ከፖል ሳይመን ጋር «ግሬስላንድ» በተሰኘው አልበም ሲሠሩ ዓለም አወቃቸው፤ በ1993 ማንዴላ በኦስሎ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉም እነርሱ ዘመሩ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዝማሪ ቤተሰብ የመጣ አንድ ወንድም ጌታን በተቀበለ ሰሞን፣ «ፓስተር፣ መሰንቆዬን ምን ላድርገው? ላቃጥለው?» አለኝ። መሰንቆው የአባቱ ነው። እንጀራ የበሉበት ነው፤ ብዙ የስካር ሌሊትም አይቷል። በጉባኤያችን ደግሞ ከመጠጥ የወጡ፣ የመሰንቆ ድምፅ ሲሰሙ ያ የድሮ ቤት የሚታወሳቸው ወገኖች አሉ። የሁለቱም ሕመም እውነተኛ ነው።

«አታቃጥለው» አልኩት። እንጨቱን፣ ቆዳውንና የፈረስ ጭራውን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን መዝሙር 150 ላይ መሰንቆ በስሙ ተጠርቷል። ኪቦርዱም በየምሽት ክበቡ ሲጫወት ያድራል፤ እሁድ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ምስክርነት የሚጠይቀው የለም።

«ነገር ግን አትቸኩል» ደግሞ አልኩት። ሮሜ 14 ስለ ወንድም ኅሊና እንድንጠነቀቅ ያስተምረናል። ነጻነቴ ክርስቶስ የሞተለትን ሰው የሚያሰናክል ከሆነ መታገሥ ፍቅር ነው። አሁን ወንድማችን በቤት ኅብረት ይጫወታል፤ ከእነዚያ ወገኖች አንዱ ባለፈው አብሮት አጨበጨበ።

ወገኖቼ፣ ባህላዊውን ከዘመናዊው ማዋሐድ በራሱ አምልኮ አይደለም። ለታይታ ከሆነ ክራርም ኪቦርድም ያው ባዶ ድምፅ ነው። ጌታ የሚፈልገው የታደሰ ልብ ነው፤ ልብ ሲታደስ ደግሞ የአባታችን ዜማ አብሮ ይታደሳል። በራእይ 7 በዙፋኑ ፊት የቆሙት ከቋንቋ ሁሉ የተዋጁ ናቸው፤ ቋንቋቸውን ጥለው እንዲመጡ አልተጠየቁም።

እናንተስ ወደ ጌታ ስትመጡ ከቤታችሁ ምን ይዛችሁ ነበር? ለማቃጠል ከመቸኮላችሁ በፊት በጸሎት በፊቱ አስቀምጡት። ጸጋው ይብዛላችሁ።