ነፋስ በታጣበት በዓባይ ላይ

በግብፅ አገር በዓባይ ወንዝ ላይ በሸራ ጀልባ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ወንዙ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲፈስ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ መንፈሱ ነው። የጥንት ግብፃውያን ይህን አጥብቀው ያውቁ ስለ ነበር፥ በሥዕል ጽሕፈታቸው ወደ ደቡብ መጓዝን ሲጽፉ ሸራዋ የተዘረጋ መርከብ፥ ወደ ሰሜን መውረድን ሲጽፉ ግን ሸራ የሌላት መርከብ ይሥሉ ነበር። ሽቅብ የሚሄደውን ነፋስ ይገፋዋል፤ ቁልቁል የሚወርደውን ውሃው ይወስደዋል። ነፋሱም ውሃውም አንድነት በደከሙ ጊዜ መንገደኛው ምን እንደሚሆን ግን ሥዕላቸው አይናገርም። እኛ ይህን በጥር ወር ከቤተ ሰባችን ጋራ ሆነን አየነው።

ያሰብነው ጥር 7 ቀን ከአስዋን ተነሥተን በሦስት ቀን ኤድፉ ለመድረስ ነበር። መንገዱ በውሃ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እናቴ የጥምቀትን ዋዜማ በሉክሶር ከቅብጦች ቤተ ክርስቲያን ለማደር ቈርጠው ስለ መጡ፥ የግብፅ ክርስቲያኖችም በዓሉን እንደኛው በ11 ቀን ስለሚያከብሩት፥ ከጥር 10 ማታ አንዲት ሰዓት ማለፍ አልተፈቀደልንም።

ጀልባይቱ ፈሉካ ትባላለች። ሞተር የላትም፤ ያላት አንድ ረጅም ደቀልና ሦስት ማዕዘን የሆነ ትልቅ ሸራ ነው። ምንጣፍና ትራስ ተዘርግቶባት ቀን ይቀመጡባታል፥ ሌሊት ይተኙባታል። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር እየተመላለሰች ወደ ፊት ትገፋለች። ነፋስ ሲጠፋ ግን ሸራው እንደ ረጠበ ነጠላ ይንጠለጠላል፤ ጀልባይቱም አንድ ጊዜ በጐን፥ አንድ ጊዜ በጀርባ ሆና ውሃው እንደ ወሰዳት ትሄዳለች። በዳር መንገድ አህያ እየነዳ የሚሄድ አንድ ልጅ ቀድሞን ሄደ።

በማለዳ የተሰናበትነው የአስዋን ከተማ ከቀትር በኋላም በስተ ኋላችን ይታይ ነበር። ሬይስ እየተባለ የሚጠራው የጀልባይቱ አለቃ ሻይ አፍልቶ አቀረበልን። መቼ እንደምንደርስ በጠየቅነው ቍጥር «ኢንሻላህ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። በቢሮው ደወል ሲመታ ሰው የሚነሣለት ሹም በዚህ ስፍራ ምንኛ እንደሚቸገር የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ሬይሱን መቈጣትም አይቻልም፤ ነፋሱን የደበቀው እርሱ አይደለምና።

እናቴ በጐጃም ያደጉ ናቸው። ዓባይን የሚያውቁት በክረምት ድልድይ የሚያንቀጠቅጥ፥ ሰውና ከብት የሚወስድ ወንዝ አድርገው ነው። እጃቸውን ወደ ውሃው ሰደድ አድርገው ቈዩና፥ «ይህስ ዓባይ አይደለም፤ ሞግዚት የያዘችው ሕፃን ነው» አሉ። ነገሩም እውነት ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርደው የክረምት ጐርፍ ቀድሞ በነሐሴና በመስከረም እስከ ካይሮ ይደርስ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1960 የተዠመረው የአስዋን ትልቅ ግድብ በ1970 ከተፈጸመ በኋላ ግን ውሃው በታላቅ ሐይቅ ተከማችቶ በልክ ይለቀቃል። በጥር ወር እርሻው ውሃ የሚፈልገው ጥቂት ነውና የሚለቀቀውም ያንሳል።

በሁለተኛው ቀን ባለ ብዙ ፎቅ መርከቦች በሞተር እየገሠገሡ አለፉን። መንገደኞቹ ከላይ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልን፤ ማዕበላቸው ግን ሻያችንን ደፋው። ከቀትር በኋላ አንድ ባለ ሞተር ጀልባ ቀርቦ በገመድ ልጐትታችሁ አለ። ባለቤቴ ዋጋው በዝቷል አለች፤ እኔ ቀኑን ቈጠርሁ፤ ሬይሱ ፊቱን አዞረ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጐተትን። ልጆቹ በሦስቱ ቀን ውስጥ እንደዚያ የተደሰቱበት ጊዜ የለም፤ እናቴ ግን ጢሱን ሸሽተው በነጠላቸው ተሸፋፈኑ።

ለእመቤቶች ይህን እጨምራለሁ። በጀልባይቱ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ወደ ዳር መጠጋት ግድ ነው። የጥር ሌሊትም በወንዙ ላይ ብርቱ ብርድ አለውና፥ ባለ ጀልባው ከሚሰጠው ብርድ ልብስ ሌላ ጋቢ መያዝ ያሻል።

በሦስተኛው ቀን ማታ የደረስነው ኮም ኦምቦ ነው፤ የመንገዳችን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። አዞ ራስ ላለው ሶቤቅና ለሆሩስ በአንድነት የተሠራው መቅደስ ከወንዙ ዳር ቆሞ መብራት በርቶበት ነበር። እንደዚያ ያለ ውብ ነገር በንዴት ዓይን ማየት ያሳዝናል።

በማግሥቱ ጥር 10 ቀን አውቶሞቢል ተከራየን። ዕቃችንን ስንጭን በዳር የቆሙት የተምር ዛፎች መነቅነቅ ዠመሩ፤ ከሰሜን የሚመጣ ደኅና ነፋስ ነበር። ፈሉካይቱ ያለ መንገደኛ ሸራዋን ነፍታ፥ ከዳር ወደ ዳር ሳትመላለስ፥ ሦስት ቀን የመጣንበትን ውሃ ሰንጥቃ ወደ አስዋን ተመለሰች። ሬይሱ አንድ ጊዜ እጁን አነሣልን።

የኤድፉን መቅደስ በመንገዳችን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አየነው። ሉክሶር የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ እናቴም ከሆቴሉ ሳይገቡ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።