ከዘጠኝ ወደ ስድስት

ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ እስካሁን ደኅና የአማርኛ ስም አልወጣለትም። «የተቆራረጠ ጾም» የሚሉት አሉ፤ ሲሰማ ግን ሕፃን ጓዳ እየገባ የሚያቆራርጠው ጾም ይመስላል። ጂም ቤት «ፋስቲንግ ላይ ነኝ» ተብሎ ይታለፋል። አማርኛ እዚህ ላይ ስም ያጠረው ስለ አለመብላት የሚያወራበት ቃል ቸግሮት አይደለም። የጾመ ሌላ ነው፣ የተራበ ሌላ ነው፣ ጦሙን ያደረ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወዶ፣ የመጨረሻው አጥቶ ነው፤ ያልታረሰ መሬት እንኳ «ጦሙን አደረ» ይባላል። መሶቡ ሞልቶ ሳለ ለሚዛን ሲል ቁርስ ለሚዘል ሰው ግን የቀደሙት ቃል አላስቀመጡም።

ዘዴው ብዙ መልክ አለው፤ የገነነው 16 ለ 8 ነው፦ 16 ሰዓት መጾም፣ በ8 ሰዓት ውስጥ መብላት። የስልክ አፖች ብዙውን ጊዜ መብያውን በ12፡00 ከፍተው በ20፡00 ይዘጉታል። አዲስ አበባ ላይ ይህ መጀመሪያ መተርጎም አለበት፦ 12፡00 የተባለው ስድስት ሰዓት፣ 20፡00 የተባለው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እንዳለ የወሰደው ሰው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሽሮ ሊያስቀርብ ይችላል። ነገሩ ተራ የሰዓት መደናገር ነው። ሆኖም እንግሊዝኛ ቀትርን የሚጠራበት «ኑን» የሚለው ቃል በመነሻው «ዘጠነኛ» ማለት ነበር የሚባል ወሬ አለ፤ እውነት ከሆነ በፈረንጁ ጾምና በሐበሻው ጾም መካከል ያልተወራረደ የሦስት ሰዓት ሒሳብ አለ ማለት ነው። ወደዚያ ከመግባት በፊት ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ይታይ።

16 ለ 8 ከገዳምም ከሐኪም ቤትም አልመጣም፤ የመጣው ከክብደት አንሺዎች ሰፈር ነው። ማርቲን በርካን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «ሊንጌይንስ» በሚል ስም አስፋፋው። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ እስራኤላዊው ሠዓሊ ኦሪ ሆፍመክለር፣ ቀኑን በመቀማመስ አሳልፎ ማታ በአራት ሰዓታት ውስጥ ጠግቦ መብላትን «የጦረኛ አመጋገብ» ብሎ በመጽሐፍ አወጣ። ምሳሌዎቹ የጥንት ጦረኞች ናቸው። የጥንት ጦረኛ ቀን ቀን የማይበላው በዘዴ ነው ወይስ ስንቅ አጥሮት የሚለውን መለየት ግን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እንግሊዛዊው ማይክል ሞዝሊ፣ ሕክምና ተምሮ ጋዜጠኛ የሆነው፣ በቢቢሲ ፊልሙ 5 ለ 2ን አስተዋወቀ፦ በሳምንት አምስት ቀን እንደወትሮው መብላት፣ ሁለት ቀን ለሴት 500፣ ለወንድ 600 ካሎሪ። በዓመቱ መጽሐፉ ወጥቶ እንግሊዝን አዳረሰ።

በሳምንት ሁለት ቀን መጾም ለአማርኛ አንባቢ ዜና አይሆንም። ብዙ ሊቃውንት ከአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ ሁለተኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ የሚያኖሩት «ዲዳኬ» የተባለው መጽሐፍ፣ ክርስቲያኖች ሰኞና ሐሙስ ከሚጾሙት ተለይተው ረቡዕና ዓርብ እንዲጾሙ ያዛል። ሰኞና ሐሙስ ደግሞ በእስልምና የሱና ጾም ቀኖች ናቸው። 5 ለ 2 እንግዲህ ሞዝሊ ሳይወለድ ጀምሮ ከአንድ በላይ ባለቤት ነበረው። የእርሱ ጭማሪ ካሎሪ መቁጠር ነው፤ የቀነሰው ጸሎቱን ነው።

ቁርስ መዝለልም የትናንት አይደለም። ኤድዋርድ ሁከር ዱዊ የተባለ የፔንሲልቬንያ ሐኪም ቁርስ መተው ጤና ነው የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 አሳትሟል። ነገሩ በስሙ ወደ ላቦራቶሪ የገባው ግን በ1946 ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ አንተን ካርልሰንና ፍሬድሪክ ሆልዘል አይጦችን ከአራት ቀን አንዱን፣ ከሦስት አንዱን፣ ከሁለት አንዱን አስጾሙ። የተሻለው ከሦስት ቀን አንዱን መጾም ሆኖ ተገኘ፦ ወንዶቹ 20 በመቶ፣ ሴቶቹ 15 በመቶ ያህል ዕድሜ ጨመሩ። ዛሬ ስልክ ላይ የሚታየው «ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ» የሚለው ስም በዚያ ጥናት ርእስ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሆልዘል ራሱ ከአይጦቹ ይብሳል። ረሃቡን ለማታለል ጥጥ ይውጥ ነበር። ዶቃ፣ ጠጠርና የወርቅ እንክብል እየዋጠም ሆድ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ቆጥሮ በ1930 ውጤቱን አሳትሟል፤ ነገሩ ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ይዘገያል፣ ወርቅ ከሁሉም ይቆያል። ቀጭን ለመሆን አፕ ማውረድ ብቻ የሚጠየቀው የዛሬ ጾመኛ ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ዘጠኝ ሰዓት። ወሬው እውነት ነው። «ኑን» የመጣው «ኖና» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ዘጠነኛዋ ሰዓት ማለት ነው። ሮማውያን ልክ እንደ ኢትዮጵያውያን የቀኑን ሰዓት ከንጋት ጀምረው ይቆጥሩ ነበርና ኖና የምትውለው እዚህ ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው ላይ ነው። ልዩነቱ የሮማው ሰዓት እንደ ቀኑ ርዝመት ይለጠጥና ይሸበሸብ ነበር፤ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ደግሞ ቀኑና ሌሊቱ ብዙም ስለማይበላለጡ ዘጠኝ ዓመቱን ሙሉ ዘጠኝ ሆኖ ይኖራል።

በስድስተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቤኔዲክት ለመነኮሳቱ በጻፈው ሥርዓት፣ ምዕራፍ 41 ላይ የመብያ ሰዓት ተደንግጓል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ምሳ በስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት የሙቀት ወራት፣ የእርሻው ሥራ ካልከበደ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ይጾማል። ከመስከረም እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሁልጊዜ በዘጠኝ ይበላል፤ በዐቢይ ጾም ማታ። ይህን ያነበበ የደብር ቄስ «ይህማ የእኛው ነው» ቢል አይፈረድበትም። ረቡዕና ዓርቡ፣ ዘጠኝ ሰዓቱ፣ የበዓለ ሃምሳው ፍቺ ሳይቀር አለበት።

ታዲያ ኖና በመካከለኛው ዘመን፣ በተለይም ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት፣ ቀስ በቀስ ወደ ጠዋቱ እየተሳበች ቀትር ላይ ደረሰች። ለምን? የተለመደው መልስ አጭር ነው፦ መነኮሳቱ ራባቸው። መብላት የሚፈቀደው የኖና ጸሎት ሲደርስ ከሆነና ሆድ መቆየት ካቃተው፣ ሥርዓቱን ሳይጥሱ ጸሎቱን ማስቀደም ይቻላል። ደወሉ ቶሎ ይደወላል፤ የተነካ ሕግ የለም።

ባለቅኔው ዳንቴ ይህን የመሰለ ገመና አይነካም። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መባቻ በጻፈው «ኮንቪቪዮ» ውስጥ፣ ከቀኑ ሁሉ የከበረችው ስድስተኛዋ ሰዓት ስለሆነች ቤተ ክርስቲያን ጸሎቶቿን ወደ እርሷ ታስጠጋለች ይላል፤ ስለዚህም ኖና የሰባተኛው ሰዓት መጀመሪያ ላይ መደወል አለባት። ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ዣክ ለ ጎፍ ደግሞ ሆድም ክብርም አላሳመነውም። የሰዓቷ መሳብ ከከተማ ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ረጅሙን የሥራ ቀን ለሁለት የሚከፍል እረፍት ያስፈልግ ነበርና ኖና ለእርሱ ምልክት ሆነች።

ከሦስቱ የመነኮሳቱ ረሃብ ለሐበሻ ጆሮ ይቀርባል፤ ተመሳሳዩ ነገር እዚሁ ዓይን እያየ ይከናወናልና። በጾም ቀን ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር ወዲያ ነው፣ የሚወጣውም ወደ ዘጠኝ። ከተማው ውስጥ ግን እስከ ስድስት የሚጾመው ብዙ ነው፦ ቢሮ የሚውለው፣ ተማሪው፣ ጨጓራ አለብኝ የሚለው። ከዘጠኝ ወደ ስድስት የተደረገው ጉዞ ከቤኔዲክት መነኮሳት ጉዞ ጋር አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለያቸዋል። እንግሊዝ ሰዓቱን ሲያንቀሳቅስ ስሙን አብሮ ወሰደው፤ «ዘጠነኛ» እያለ በስድስት ሰዓት ይበላል፣ ማንም አያውቅበትም። በአማርኛ ግን ስድስት ስድስት ነው። እስከ ስድስት የጾመ ሰው፣ ሲጠየቅ «እስከ ስድስት» ብሎ መናዘዝ ግድ ይሆንበታል። (ስፔኖች ደግሞ «ሲዬስታ»ን ያገኙት ስድስተኛ ከሚለው «ሴክስታ» ነው። እንግሊዝ በዘጠኝ ስም ስድስት ላይ ስትበላ፣ ስፔን ስድስት ላይ ተኛችበት።)

ሰዓትን የሚያየው ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ ረሃብም ያያል። እ.ኤ.አ. በ1912 የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ተማሪውን ዋሽበርንን ፊኛ አስውጦ፣ የረሃቡ ቁርጠት የሚመጣው ጨጓራው ሲኮማተር እንደሆነ አሳየ። በ1999 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ግሬሊንን አገኙ፤ በአብዛኛው ከጨጓራ የሚመነጭ፣ አንጎልን «ብላ» የሚል ሆርሞን ነው። ግሬሊን ሆድ ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ የጾመ ሰው ወደ ማታ ባበደ ነበር። ሙሉ ቀን በጾሙ ሰዎች ላይ የታየው ሌላ ነው፦ የቁርስ ሰዓት ሲደርስ ይነሣል፣ ሳይበላ ሲቀር ራሱ ይወርዳል፤ በምሳና በእራት ሰዓትም እንዲሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አላስቀምጥ ያለ ረሃብ አራት ሰዓት ላይ ጥሎ እንደሚሄድ ጾመኛ ያውቀዋል። የዘዴው አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ቁርስ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲረሳ፣ ቁርስን የሚጠራው ረሃብም አብሮ ይለዝባል። ስኳር የሌለው ቡና የተፈቀደ መሆኑም ያግዛል። ውኃ እንኳ የማይቀመስበትን ጾም የለመደ ሰው ግን ይህን ጾም ብሎ ለመጥራት ትንሽ ያመነታል።

ውፍረትን በተመለከተ ነገሩ ቀዝቀዝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሳልክ ተቋሙ ሳችን ፓንዳና ባልደረቦቹ ቅባት የበዛበት ምግብ በስምንት ሰዓታት ውስጥ ብቻ የተሰጣቸው አይጦች፣ ያንኑ ያህል ካሎሪ በፈለጉት ሰዓት ከበሉት ይልቅ ከውፍረት መዳናቸውን አሳዩ። ሰው ግን አይጥ አልሆነም። በ2020 ከሳን ፍራንሲስኮ በወጣው ጥናት 116 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተካፈሉ፤ ከቀትር እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ብቻ የበሉት በአማካይ 0.94 ኪሎ፣ ሦስቴ የበሉት 0.68 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። በ2022 በቻይና ጓንግዦው 139 ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ ካሎሪያቸውን ቀንሰው በሉ፤ ገሚሶቹ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ። እነዚህ 8.0 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ይህም በስታቲስቲክስ ሚዛን እኩል ወጣ። ሚስጥሩ ሰዓቱ ውስጥ ሳይሆን በሰዓቱ ምክንያት ሳይበላ በሚቀረው ውስጥ ነው። ሰዓቱን የጠበቀ ሰው ማታ የሚቆረጥመውን ከተወ ይቀንሳል፤ የቀረበትን በስምንቱ ሰዓት ካካካሰ አይቀንስም። ዐቢይ ጾም ስንቱን ሳያከሳ እንደሚያልፍ የጾም ኬክና ሳምቡሳ ይመሰክራሉ። የረመዳን ጾምም እንዲሁ በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ይቀንስና ከወሩ በኋላ አብዛኛው ይመለሳል።

ከጾሙ የሚወጡ አሉ። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርድ መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ መዝለል የለበትም፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ፣ ልጆች፣ ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ። ሃይማኖቶቹም ለታመመ ሰው ቀድመው ፈቅደዋል።

የሰዓቱ ጉዳይ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ አላባማ ውስጥ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ስምንት ወንዶች ለአምስት ሳምንት በስድስት ሰዓታት ውስጥ ብቻ ሲበሉ ቆዩ። ምግባቸው ተለክቶ ስለሚሰጣቸው ክብደታቸው ሆን ተብሎ አልተቀነሰም፤ ያም ሆኖ ኢንሱሊን የተሻለ ሠራላቸው፣ የደም ግፊታቸው ወረደ፣ የማታ የመብላት ፍላጎታቸውም ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነው። መብያቸው የተመረጠው ጠዋት እንዲሆን ነበር፤ የመጨረሻው ማዕድ የሚነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው፣ ቅዳሴ ወጥቶ የሌላው ማዕድ ከመቅረቡ ትንሽ ቀደም ብሎ።