«አንተው አይደለህም እንዴ ያስተማርከኝ?»

ጋዜጠኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ጋዜጣ ላይ ስጽፍ ቆይቼ፣ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ብዙ የግል ጋዜጦች ሲዘጉና ባልደረቦቼ ወደ ወህኒ ሲወርዱ አገሬን ለቅቄ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በሰው አገር ሠራሁ እንጂ ወደ ሙያዬ አልተመለስኩም። ከጋዜጠኝነት የተረፈኝ አንድ ነገር ቢኖር መንግሥት የተናገረውን ሁሉ መጠራጠር ነው። ይህንኑ ጥርጣሬ ለእህቴ ልጅ ሳወርሰው ኖሬ፣ ኋላ በራሴው ላይ መጣብኝ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ወር ነው። ባለፈው ወር የኒው ጀርሲው ሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ በመስከረም የሚመለሱ ተማሪዎቹ የኮቪድ ክትባት እንዲወስዱ ግዴታ ማድረጉን አስታውቆ፣ ሌሎችም ተከትለውት ነበር። የእህቴ ልጅ የሚማርበትም አንዱ ነው። ልጁ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እህቴ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሰባ አራት ዓመት የሞላት እናታችን የምትኖረውም እነሱ ዘንድ ነው።

እሁድ ቀን ቡና ተፈልቶ ሳለ እህቴ «እስቲ አንተ ንገረው፣ አልከተብም ብሏል» አለችኝ። እኔም የተማረ ሰው ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። ልጁ አላስጨረሰኝም።

«ጋሼ፣ መንግሥት ቢምልም አትመን ያልከኝ አንተው አይደለህም እንዴ? አሁን መንግሥትና መድኃኒት ነጋዴ ተባብረው ክንድህን አምጣ ሲሉኝ ለምን ብዬ ብጠይቅ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ልጁ ያልተማረ አይደለም። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ስፍራ ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ሳያክሙ እንዳጠኗቸው ያውቃል። በዚያው ሰሞን የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት በደም መርጋት ምክንያት ለጊዜው መቆሙንም ሰምቷል። ታዲያ «ያመክናል» የሚለውን የጓደኞቹን ወሬም ከዚሁ ጋር ደባልቆ ይዞታል፤ እውነትና አሉባልታ በአንድ አቁማዳ።

ልቆጣ ነበር። ተውኩትና «ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። እንደ ድሮዬ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በሳምንቱ ያገኘሁትን ዘረገፍኩለት። የፋይዘር ክትባት ከአርባ ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ተፈትኗል፤ ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ የጨው ውሃ ተወግተው ተነጻጽረዋል። ጥበቡም በአንድ ሌሊት የበቀለ አይደለም፤ በ2023 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን ቁልፍ ግኝታቸውን ያሳተሙት በ2005 ነው። የሚወጋው ነገር የዘር ውርሳችን ወደ ተጻፈበት የሴል አስኳል አይገባም፤ ሥራውን ሠርቶ ይፈርሳል። ያመክናል ለሚለው ግን ማስረጃ አጣሁለት።

ልጁ አዳመጠኝ፤ አልተበገረም።

በሰኔ ወር የጤና ባለሥልጣናቱ ራሳቸው ክትባቱ አልፎ አልፎ፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት እንደሚያስከትል ገለጹ። ወረቀቱን አትሜ ይዤለት ሄድኩ። እህቴ «አብደሃል? ጭራሽ ልታስፈራው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። አብዛኞቹ በሕክምናና በእረፍት እንደሚያገግሙ፣ በሽታው ራሱም ልብን እንደሚጎዳ ጭምር። ከዚያ ቀና ብሎ «ይህን ደብቀኸኝ ቢሆን ኖሮ ሌላውንም አላምንህም ነበር» አለኝ።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረችው እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አሳየችው። «የፈንጣጣ ክትባት ነው። ለኔ ደረሰልኝ፣ ለወንድሜ አልደረሰለትም» አለች። አገራችን ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በ1976 ኦጋዴን ውስጥ መሆኑን ነገርኩት። ፈንጣጣ ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም ነበር።

እኔም በዚያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነበርኩ። ለኢትዮጵያ በመጋቢት ወር የገባው ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ክትባት ነበር፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። ብዙ ሳይቆይ ሕንድ ወደ ውጭ መላኩን ገታች። አብሮኝ ይሠራ የነበረ፣ ስኳር ያለበት ጓደኛዬ አዲስ አበባ ተራውን ሲጠብቅ አረፈ። እኛ ሞልቶ ተርፎን እንከራከር ነበር።

ልጁ በሐምሌ ተከተበ። መኪና ውስጥ «መንግሥትን አምኜ እንዳይመስልህ፣ ለአያቴ ስል ነው» አለኝ። «እኔም አላመንኩትም፤ ግን አነበብኩ» አልኩት። በተከታዩ ክረምት በሽታው እቤታቸው ገባና ሁሉንም አስተኛ። ክትባቱ ጨርሶ እንዳይዛቸው አላደረገም። እናቴ ግን በሳምንቷ ተነሥታ ቡና አፈላች።

ውድ አንባብያን፣ እኛ ስደተኞች ለልጆቻችን ቋንቋችንን ማውረስ ቢያቅተን ጥርጣሬያችንን አውርሰናል። አልጸጸትበትም። ነገር ግን ጠርጥር ያልነውን ልጅ ሲጠይቀን «ዝም በል፣ ተከተብ» ካልነው፣ ከሸሸነው ባለሥልጣን በምን ተሻልን?

ቸር ያሰንብተን።