የፍቅር ዕንቅፋት በፊልም፦ ከዲማ እስከ ማኒላ

በአማርኛ የፍቅር ፊልም ላይ የሚቀርበው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ነጥቦች ዙሪያ ይመላለሳል። አንደኛው ፊልሙ ከባህል ወጥቷል የሚል ወቀሳ ነው፤ ሁለተኛው በጀቱ አነስተኛ ነበር የሚል ማስተባበያ ነው። ሁለቱም ዋናውን ጉዳይ ያልፉታል። የፍቅር ታሪክ የሚመዘነው ሥጋን ምን ያህል እንዳሳየ ወይም እንደ ሸፈነ ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች እንዳይገናኙ የሚያግደውን ኃይል ምን ያህል አጥርቶ እንዳቀረበ ነው።

ለዚህ መመዘኛ የሚሆን ሥራ የበቀለው ከጎጃም ደጋ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህ በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ የዲማው ባላባት የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። በዛብህ ወደ ግቢው የሚገባው አስተማሪዋ ሆኖ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከተዘረጋ መጽሐፍ ስፋት አይበልጥም፤ ሆኖም በዚያች ርቀት ውስጥ የወላጆች ስለት፣ የዘር ቆጠራና የባላባት ኩራት ተቀምጠዋል። ልብ ወለዱ ዕርቃን አያሳይም፤ አንባቢው የሚጨነቀው ግን ሁለቱ ምን እንደሚያስከፍላቸው ስለሚያውቅ ነው። ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ንባብ ሲተላለፍ፣ ሥዕልም ሆነ የተሠራ ትዕይንት አልነበረውም። አድማጩን ለመያዝ የአንድ ሰው ድምፅ በቅቷል። ስለዚህ የገንዘብ ማነስ ብቻውን የታሪክን መክሳት ሊያስረዳ አይችልም።

ይህንኑ ነጥብ ከተቃራኒ አቅጣጫ ለመፈተን የፊሊፒንስ ወሲብ ነክ ድራማ ጠቃሚ ነው፤ በዚያ ሥጋው አልተሸፈነምና። ፔኬ ጋላጋ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው «ስኮርፒዮ ናይትስ» ውስጥ አንድ ተማሪ በወለሉ ቀዳዳ በኩል ከታች የምትኖረውን የጥበቃ ሠራተኛ ሚስት ይመለከታል። ፊልሙ በገላጭነቱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ምኞቱን የሚወልደውም ሆነ አደጋውን የሚያቀርበው ያው የተጨናነቀ የድኾች መኖሪያ ነው፤ የባልየው መመለስ በእያንዳንዱ ቅጽበት ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቪቫማክስ የተባለው የኢንተርኔት የፊልም መድረክ ሥራ ሲጀምር የዚህ ዘርፍ ምርት ተስፋፋ፤ አዳዲስ ፊልሞች በሳምንት ልዩነት ይወጡ ጀመር፤ በ2022 «ስኮርፒዮ ናይትስ 3» ተከተለ። ከነዚህ አነስተኛ በጀት ፊልሞች በብዙዎቹ ድኽነት የቦታ ማስጌጫ ሆኗል። ጎጆው ሁለቱን ሰዎች ለማገናኘት ይጠቅማል፤ ከተገናኙ በኋላ ግን ክብደቱን ያጣል። በእንዲህ ያለ ፍጥነት ለሚሠራ ፊልም ከካሜራውና ከመብራቱ ይልቅ የሚያጥረው ድርሰቱ የሚበስልበት ጊዜ ነው።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በቪዲዮ የተስፋፋው የአማርኛ የፍቅር ፊልም በተቃራኒው መንገድ ሄዶ እዚያው ደርሷል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ካሜራው ወደ መጋረጃው ይዞራል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ነግቶ ይታያል። ይህ ጨዋነት ይባላል፤ የሚያስወቅስም አይደለም። ችግሩ ያለው መጋረጃው ከሥጋ አልፎ ዕንቅፋቱንም ሲሸፍን ነው። የወጣቱን ድኽነት ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ይፈታዋል፤ የአባትየው እምቢታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያለ በቂ ምክንያት ይቀልጣል። ፊታውራሪ መሸሻ በእንዲህ ያለ ፊልም ውስጥ ቢገቡ ኖሮ ታሪኩ ሳያልቅ ልጃቸውን መርቀው ይድሩ ነበር።

ሁሉም ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። በውጭ አገር «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» በሚል ርእስ የታወቀው የሄርሞን ኃይላይ ፊልም (እ.ኤ.አ. 2015) የአዲስ አበባን የታክሲ ሾፌርና በወሲብ ንግድ የምትተዳደርን ሴት ያገናኛል። ሰውየው ስለ እሷ ሲል ጣልቃ ሲገባ ታክሲውን ይሰረቃል። ፍቅሩ ወዲያውኑ በእንጀራው ይመነዘራል፤ ተመልካቹም ሁለቱን ከኑሯቸው ነጥሎ ማየት አይችልም።

በሐዲስ ዘመን የነበረው ባላባትነት ቢያከትምም ዕንቅፋት ግን አልጠፋም። የቤት ኪራይ፣ የዐረብ አገር ጉዞ፣ የወላጅ ምርጫ፣ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ሳለ ከዚያ በፊት የሚዳሩ ልጃገረዶች ዛሬም የብዙ ፍቅር ታሪክ ፍጻሜዎች ናቸው። የዛሬዋ የዲማ ወጣት በስልኳ የምታየው ፊልም ይህን ከሸፈነባት፣ የገዛ ሕይወቷ ክብደት እንደ ግል ድክመት ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ የፊልም ሂስና ጥናት፣ የታየውን ሥጋ ከመቁጠርና የጠፋውን ገንዘብ ከመቁጠር በፊት፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ምን እንደቆመና ፊልሙ እስከ መጨረሻው በታማኝነት ተከትሎት እንደሆነ ቢጠይቅ ለሠሪውም ለተመልካቹም ይበጃል።